ፀሐይ ላይ ለሚያነቡ

ፌብሩዋሪ 9፣ ረቡዕ

ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ሲወርድ ዋለ። የምሠራበት ሱቅ ውስጥ የድንች ጆንያ አንስቼ ወገቤን አመመኝ። ትኩስ ዓሣ መጣ፣ ሳይውል አለቀ።

ከዚያ ራንዲ ገባች። የደሴቲቱ ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ወተት ልትገዛ ስትመጣም በሊቀመንበርነቷ ነው የምትመጣው።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ኢንጉን።»

«በምን?»

«ተመርጠሻል።»

ትናንት ዓመታዊ ስብሰባ ነበር። አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቤቴ ቁጭ ብዬ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር አየሁ። እዚህ ደሴታችን ቴርኖይ ላይ ደግሞ ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል… ከስብሰባ የቀረ ሰው ይመረጣል። የሌለ ሰው እምቢ አይልማ። እኔስ ስንቱን እንዲህ አስመርጬ የለ?

የተመረጥኩት ለድረ ገጹ ነው። የጀልባ ሰዓት፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የጠፋች ድመት… እሱን።

«ቶርላይፍስ?» አልኳት። ከተሠራ ጀምሮ የሱ ነው፣ ለማንም አያስነካም።

«በቃኝ አለ። ለወጣት ይሰጥ አለ።»

ወጣቷ እኔ ነኝ። ለከርሞ ስልሳ ይሞላኛል።

ፌብሩዋሪ 12፣ ቅዳሜ

የይለፍ ቃሉን ልቀበል ቶርላይፍ ቤት ሄድኩ። ከአባቴ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ዓሣ ያጠምድ የነበረ ሰው ነው። ሰማንያን ካለፈ ቆይቷል፣ ምላሱ ግን ገና አላረጀም።

«ማነው?» አለ በሩን ከፍቶ።

«ፊት ለፊትህ ቆሜ ማነው ትለኛለህ?»

«ስላረጀሽ ጠፋሽብኝ።»

ጥሩ መልስ ነው፣ ምን ይደረግ። ቡና ቀዳልኝ። ሲቀዳ ጣቱን ስኒው ውስጥ ነክሮ። «ጣትህን ታጥበሃል?» ስለው «ትናንት» አለ።

እኔን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጦ እሱ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። «ወደ ታች ውረጂ፣ እዚያ ጋ ዓሣው አለ።» እውነትም አለ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዋኝ ይውላል። ጀርባው ሰማያዊ፣ ፊደሉ ቢጫ። ዓይን ይወጋል። ደግሞ ፊደሉ ከዓመት ዓመት እየተለቀ ነው የሄደው። የድሮዎቹ ገጾች ላይ ልከኛ ነው፤ የአምናዎቹ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ አክሏል። ሌላው ሰው ሲያረጅ ድምፁ ይጨምራል፣ የዚህ ፊደሉ ጨመረ።

ውስጡ የባሰ ነው። እያንዳንዱ አርእስት ላይ ቀለሙን ለብቻ፣ መጠኑን ለብቻ ጽፎታል። አንድ ቀለም ለመቀየር ገጹን ሁሉ ተራ በተራ መክፈት ሊኖርብኝ ነው።

«ይህን ሁሉ በእጅህ?»

«መንጠቆ ላይ ትል እንደ መሰካት ነው» አለ። «አንዱን ትሰኪያለሽ፣ ከዚያ ሌላውን።»

ለምን ተውከው ብዬ ጠየቅኩት። ደከመኝ አለ። ቶርላይፍ ደከመኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። በየማለዳው «የዛሬ ባሕር» ብሎ አንድ መስመር ይጽፍ ነበር፤ ሰው ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት እሷን ሳያነብ አይወጣም። ከገና ወዲህ እሷም ቆማለች።

ፌብሩዋሪ 22፣ ማክሰኞ

ከተማ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የድረ ገጽ ሥራ ኮርስ። አስተማሪው ኤርለንድ ይባላል። ጺሙ ትልቅ፣ ድምፁ ትንሽ።

«ስታይል ሺት ምንድን ነው?» ብሎ ጀመረ። ማንም አልመለሰም። እዚህ አገር የሚያውቀውም አይመልስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽሑፉ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። መልኩ ደግሞ፣ ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠን፣ ክፍተቱ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ። ስታይል ሺቱ ይህ ሁለተኛው ነው። ሰውየው ያው ነው፣ ልብሱን ትቀይሪለታለሽ።

አርእስት ሁሉ አረንጓዴ ይሁን ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩ። አንድ። የደሴቲቱ ገጾች አርእስት በሙሉ በአንዴ አረንጓዴ ሆነ። ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ፣ ሰው ዞሮ አየኝ። ቶርላይፍ ያን ያህል ዘመን ትል ሲሰካ…

ኤርለንድ መጥቶ አየና «መጥፎ አይደለም» አለ። ከዚህ በላይ ሙገሳ እዚህ አገር የለም። ጀልባው ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ መጣሁ።

ማርች 3

ስታይል ሺቱ ላይ አንድ ቅንፍ ሳልዘጋ ቀርቼ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ራቁቱን ቀረ። ጥፋቱን ስፈልግ ምሳዬ ቀዘቀዘ። ኤርለንድ በስልክ፣ «የከፈትሽውን ዝጊ» አለኝ። አባቴም ይህንኑ ይለኝ ነበር፣ ስለ በጎቹ በር። ያኔም አልሰማሁም።

ማርች 8፣ ማክሰኞ

ሁለት ትእዛዝ ሲጋጩስ? አንዱ አረንጓዴ ይሁን ይላል፣ ሌላው ጥቁር። እኩያ ከሆኑ፣ በኋላ የተጻፈው ያሸንፋል። በፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይህ ነው።

ግን «ይህ ግድ ነው» የምትል ምልክት አለች። ከትእዛዙ ጫፍ ከተለጠፈች የሚረታት የለም። ኤርለንድ «ባትነኳት ይሻላል፣ አንዴ ከገባች አትወጣም» አለ። ራንዲ ከዚህች ምልክት ጋር ነው የተወለደችው።

ማርች 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሣጥን። ገጹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ አርእስቱም፣ ሥዕሉም፣ አንቀጹም፣ የማይታይ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ሣጥኑ ከጎረቤቱ የሚርቅበት ደግሞ ኅዳግ ይባላል። ተማሪው ሁሉ ግራ ሲገባው ኤርለንድ «ጀልባ ስትጠብቁ እንዴት ነው የምትቆሙት?» አለ። ወዲያው ገባን። እዚህ አገር ወደብ ላይ በሁለት ሰው መሀል ላም ታልፋለች።

ኤፕሪል 3፣ እሑድ

አዲሱ ገጽ ወጣ። ነጭ ጀርባ፣ ቀጭን፣ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል፣ ሰፊ ኅዳግ። ዓሣው ተሰናበተ። የድሮውን ገጽ ግን ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ልቤ አልጨከነም።

ትንሽ ሰማያዊ ላስገባ ብዬ ነበር… ተውኩት። ሰው ምን ይላል? «ኢንጉን ራሷን ማን አድርጋ ነው?» ይላል። እዚህ ቀይ መኪና የገዛ ሰው ሽጦ እስኪገላገለው ሲወራበት ይኖራል። ግራጫ ማንንም አያስቀይምም።

ኤፕሪል 5፣ ማክሰኞ

ሱቅ ውስጥ ወሬው ጥሩ ነው። «ረጋ ያለ ነው።» «አይጮህም።» ራንዲ «ንጹሕ» አለች። ደስ ብሎኛል… ለምን እደብቃለሁ።

ኤርለንድ ብቻ ነው ያልወደደው። «ለማን ነው የሠራሽው?» አለኝ።

«ለሰው ሁሉ።»

«ሰው ሁሉ ዓይኑ እንዳንቺ ነው?»

ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት። በጺሙ ነው እንጂ ገና ልጅ ነው።

ቶርላይፍ ደወለ። «ዓሣዬን ገደልሽው አሉ።»

«አሉ? አንተ አላየኸውም?»

«አይቻለሁ። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ።

ሁለቴ ጥሩ ነው። ይህ ሰው የሱቁን በር ቀለም ስቀባ ሳምንቱን ሙሉ የተጨቃጨቀኝ ሰው ነው። አስቀየምኩት ማለት ነው? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሜይ 14፣ ቅዳሜ

የብሔራዊ በዓሉን ፕሮግራም ገጹ ላይ አወጣሁ። ሰልፉ ሁልጊዜ የሚነሳው ከወደቡ ነው፤ ዘንድሮ የወደቡ ጣውላ እየተጠገነ ስለሆነ ከትምህርት ቤቱ ይነሳል።

«ሱቁ በር ላይም ልለጥፈው?» አልኳት ራንዲን።

«ምን ያደርጋል? ድረ ገጽ አለን አይደል።»

ኮራሁ። ይህን የምጽፈው እቤቴ ብቻዬን ስለሆንኩ ነው።

ሜይ 17፣ ማክሰኞ

ፀሐይ። ደመና የሚባል የለም። የባህል ልብሴን ለብሼ ትምህርት ቤቱ ጋ ደረስኩ። ልጆቹ አሉ፣ ባንዲራው አለ፣ ጥሩምባ ነፊዎቹ አሉ። ከበሮ መቺዎቹ የሉም። ግማሹ ሕዝብም የለም። ትንሽ ቆይቶ ከወደቡ በኩል ከበሮ ተሰማ…

የቀረው ሰው ለካ ከደጁ ወጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ከፍቷል። ፈዛዛ ግራጫ በነጭ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ! ያዩት ባዶ ነው። ስለዚህ እንደ ወትሮው ወደ ወደቡ ወረዱ። ጥሩምባው እዚህ፣ ከበሮው እዚያ። ራንዲ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች ሄዳ ጠራቻቸው፤ ሁለቱ ሰልፎች መሀል መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጆቹ ለከርሞም እንዲህ ይሁን አሉ።

ራንዲ ንግግሯ ላይ፣ «ኢንጉናችን ትሑት ናት። ፊደሎቿ እንኳ ሰው እንዳያያቸው ይደበቃሉ» አለች። ተሳቀ። አንዱ ደግሞ ከኋላ «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» ሲል የባሰ ተሳቀ። ፊቴ ከባንዲራው ቀይ ባሰ።

አይስክሬም ሲታደል ነው ቶርላይፍ እንደሌለ ልብ ያልኩት። ወደቡ ጋ ወረድኩ። ሱፉን ለብሶ፣ ትንሽ ባንዲራ ይዞ፣ የጀልባ ቤቱ ጥላ ሥር የዓሣ ሣጥን ላይ ብቻውን ተቀምጧል። በግርግሩ ማንም አላስታወሰውም።

«ሁሉም ሄዱ እኮ። ለምን አልተከተልካቸውም?»

«እግሬን አሞኛል። ደግሞ ገጽሽ ወደብ ይላል።»

«ትምህርት ቤት ነው የሚለው።»

«ማን አንብቦት? ጉም ነው የጻፍሽው።»

ደስ አለኝ። በስንት ጊዜው ተሳደበ። ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፤ በዚያውም ዓሣውን እንዳልጣልኩበት ላሳየው። ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩትን የድሮ ገጹን ከፈትኩ። ያ ሰማያዊ፣ ያ ቢጫ፣ ያ የመጨረሻው ዓመት ትልቅ ፊደል።

«እስቲ ይህን እይልኝ።»

ተቀብሎ ፊቱ ላይ ያዘው። ቆየ።

«ይኸው» አለ። «ግራጫ። ከዚህ ላይ ምን ይነበባል?»

ዓሣው እየዋኘ ነበር።

ስልኬን ተቀብዬ ክንዴን ሰጠሁት፣ «ይህ እግር» ብሎ ያዘኝ፣ ቀስ እያልን አይስክሬሙ ወዳለበት ወጣን። ስኒው ውስጥ የገባው ጣት… «ማነው?»… ከዓመት ዓመት የተለቀው ፊደል። ስቄበት ነበር እኮ። እላይ ጽፌዋለሁ።

ሜይ 19

ቶርላይፍ ቤት ሄድኩ። «አታይም፣ አይደል?» አልኩት ገና በሩ ላይ።

ሊዋሽ አሰበ፣ ተወው። «ፊትሽን ሳይ መሀሉ የለም። ጆሮሽ ግን አለ። ጥሩ ጆሮ ነው።»

የዓይኑ መሀል ነው የጠፋው፣ ዳር ዳሩ ይሠራል። ሐኪሙ አይመለስም ብሎታል። እንኳን ለደሴቲቱ፣ ለልጁ ለቬንከም አልነገራትም። ቬንከ ከተማ ነው የምትኖረው፣ ፎቅ ላይ። ካወቀች ትወስደዋለች።

«እዚያ ባሕሩ አይሰማም» አለ። «የሚሰማው ሊፍቱ ነው።»

«ልትነግራት ይገባል።»

«ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ።»

«ሳታውቅ እንዴት ትጠይቅህ?»

«ጥቅሙ እሱ አይደል።»

እዚያ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ሜይ 24፣ ማክሰኞ

ለኤርለንድ ስም ሳልጠራ ነገርኩት። «ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ስታይል ሺት ማዘጋጀት ትችያለሽ» አለ። «ገጹ አናት ላይ ቁልፍ ታደርጊያለሽ፣ አንባቢው የሚስማማውን ይጫናል።» ስለ ዓይን የነገረኝንም አነሳሁ፣ ልክ ነበርክ አልኩት። ቀላ። እዚህ አገር ልክ ነበርክ የሚባል ሰው መግቢያ ያጣል።

ሜይ 26

ቶርላይፍ ጋ ዋልኩ። ጥቁር ጀርባ፣ ቢጫ ፊደል።

«አሳድጊው።»

አሳደግኩት።

«አሁንም።»

ስክሪኑ ሁለት ቃል ብቻ እስኪይዝ ድረስ አሳደግኩት። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ በዓይኑ ዳር፣ ዶሮ ጥሬ እንደምታየው አየው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«የ… ጀልባ… ሰዓት።»

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ።

«ቢጫ ነው?» አለ።

«ቢጫ ነው።»

«የኔ ቢጫ?»

«ያው ያንተው።»

«ዞረሽ ዞረሽ መጣሽ» አለ። ሳቁ ደግሞ አያልቅም።

ግን ይህንም ልጻፈው። ቁልፉ ላይ «ዓይናቸው ለደከመ» ብዬ ነበር። አነበበው። ከገና ወዲህ ራሱ ያነበበው ሁለተኛው ነገር መሆኑ ነው። ተቆጣ።

«ደሴቲቱ ላይ ይህን የሚጫን አንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ስብሰባ አይጠሩም። አውጪው።»

ኮምፒውተሩን ዘጋው። እኔንም አብሮ።

ሜይ 28፣ ቅዳሜ

ሱቅ ውስጥ ቀልዱ አላለቀም። «ኢንጉን፣ የዳቦው ዋጋ በግራጫ ነው እንዴ የተጻፈው?» ወገቤን ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ያን ቀን ያላነበበው እሱ ብቻ ነው እንዴ? የደሴቲቱ ግማሽ አላነበበም!

የቁልፉን ስም ቀየርኩት። «ፀሐይ ላይ ለሚያነቡ።»

ፊደሉንም ለሁሉም ጥቁርና ወፈር ያለ አደረግኩት። አምላክ ሳይደግስ አይጣላም። ለቶርላይፍ ደውዬ ነገርኩት። «እኔም ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ ነው የምቀመጠው» አለ።

ጁን 3፣ ዓርብ

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ፣ ሰው ሁሉ ግን የፀሐዩን ቁልፍ ተጭኖ ነው የሚያነበው። ራንዲ «ባትሪ ይቆጥባል» ትላለች። መነጽር ያስፈልጋታል… ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?

ዛሬ ጠዋት ገጹ ላይ አዲስ መስመር አገኘሁ። እኔ አልጻፍኩትም።

«የዛሬ ባሕር፦ መጥፎ አይደለም።»

ጁን 12፣ እሑድ

ቶርላይፍ ለቬንከ ነገራት። ራሱ ደውሎ። ቅዳሜ ትመጣለች።

«ትልቅ ሻንጣ ይዤ እመጣለሁ አለች» አለኝ። «ለሁለት ቀን።»

ትልቁ ሻንጣ ለማን ልብስ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ንገራት ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ብል ይሻል ነበር? አይ… ግን ፈራሁ።

ጁን 19፣ እሑድ

ቬንከ ክፉ ሰው አይደለችም። ደክሟታል፣ ትወደዋለች፣ ፈርታለች። ዛሬ ጠዋት እኔንም አስጠራችኝ።

«አባዬ፣ ብቻህን ሆነህ የጀልባ ሰዓት እንኳ እንዴት ታውቃለህ?»

«አነበዋለሁ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

ገጹን ራሱ ከፈተ። የፀሐዩን ቁልፍ ተጫነ። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ጀመረ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት… ሰኞ ከሰዓት ዘጠኝ ተኩል… ማክሰኞም እንዲሁ።

ቬንከ እኔን አየችኝ። «በቃልህ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ይህን ሰዓት ዕድሜ ልክህን ታውቀዋለህ። የምታነብ እየመሰልክ ነው።»

እውነቷን እኮ ነው፣ ይህ ሰው ያኔም ገጹን መስኮት ጋ ተቀምጦ በቃሉ ነው ያስጎበኘኝ። እኔስ በምን አውቃለሁ?

እሱ አልመለሰላትም። ቀጠለ። ዓርብ፣ ቅዳሜ… እሑድ ላይ ቆመ። ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ወደ ግራ ዘነበለ፣ ወደ ቀኝ ዘነበለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ። «እሑድ ዘጠኝ ተኩል ይላል። እሑድ ዘጠኝ ተኩል የሚነሳ ጀልባ ኖሮ አያውቅም፣ አስር ተኩል ነው። ማነው ይህን የጻፈው?»

ቬንከ ተነስታ በትከሻው ላይ አየች። ዘጠኝ ተኩል ይላል። ስልኳን አውጥታ የጀልባ ድርጅቱን ሰዓት አየች። አስር ተኩል። በቃሉ የሚያውቅ ሰው አስር ተኩል ብሎ ያልፍ ነበር።

ተመልሳ ተቀመጠች። ቆይታ፣ «ቡና ቅዳልኝ፣ አባዬ» አለች። ቀዳላት፣ ጣቱን ስኒው ውስጥ ነክሮ።

«ታጥበሃል?»

«ትናንት።»

ሳቀች፣ ዓይኗንም ጠረገች። መጪው ብርድ እስኪያልፍ እዚሁ ቆይ፣ ሐኪም ቤት ግን አብረን ነው የምንሄደው፣ እኔም ቶሎ ቶሎ እመጣለሁ አለች። እሱ «ስትመጪ የጀልባውን ሰዓት እኔን ጠይቂ» አላት።

ወደ ወደቡ ስንሸኛት ክንዴን ይዞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ያቺን ዘጠኝ ተኩል ሆን ብለሽ ነው ያስገባሻት፣ አይደል?»

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

«መጥፎ አይደለሽም» አለ።

ሆን ብዬ አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ደንበኛ እያስተናገድኩ፣ እየቸኮልኩ፣ የሰኞውን ገልብጬ እሑድ ላይ ለጥፌው ነው። ይህን ለሱ አልነግረውም። ለራንዲማ በጭራሽ።

አሁን አርሜዋለሁ። ቬንከ በአስር ተኩሉ ጀልባ ሄደች። ትልቁን ሻንጣዋን እስከ ጀልባው ድረስ እኔ ነኝ የያዝኩላት። ባዶ ነበር።